የኡባህ ምልክት

ኢባዶ ሃያ ዓመት ሙሉ የግመል ወተት ስትሸጥ ንግዴ ስም ያስፈልገዋል ብላ አስባ አታውቅም። ሐርጌሳ ወተት ተራ ገብቶ «የኢባዶ የቱ ጋ ነው?» ላለ ሰው፣ ጥያቄውን ሳይጨርስ ሴቶቹ በአገጫቸው ወደ ሦስተኛው መደብ ይጠቁሙታል። ወተቷ ውሃ አያውቅም። ዕቃዋ በጭስ የታጠነ ነው። ሌሎቹ በቀን ሠላሳ ጊዜ «ወላሂ» እያሉ ሲምሉ፣ እሷ «ቅመሱት» ብላ ዝም ትላለች። አላህን ለአንድ ሊትር ወተት ምስክር አድርጎ መጥራት ያሳፍራታል።

ነገሩ የተለወጠው በአየር ማረፊያው መንገድ የተከፈተው አዲስ ሆቴል ሰው የላከባት ቀን ነው። ሰውየው ወተቱን ቀመሰ፤ ደገመ፤ ከንፈሩን ጠረገና «የድርጅቱ ስም ማን ነው?» አላት።

«ኢባዶ።»

«የአንቺን አይደለም፣ የድርጅቱን። ዓርማውን፣ ድረ ገጹን። የኛ እንግዶች የሚጠጡት ነገር ከየት እንደመጣ በስልካቸው ማየት ይወዳሉ። እሱን አሰርተሽ ነይ፤ ከዚያ በየቀኑ ከአንቺ እንወስዳለን።»

ሰውየው ገና ጥጉን ሳይዞር ጎረቤቷ ሀሊሞ ጀመረቻት። «እንግዲህ ኢባዶ ግመሎቿን በስልክ ልታልብ ነው! ሴቶች፣ ጀሪካኖቻችሁን ሸጣችሁ ቻርጀር ግዙ!»

«አንቺ ደግሞ ውሃሽን በስልክ ልትቀላቅዪ ነው» አለች ኢባዶ። ወተት ተራው በሳቅ ተናጋ።

ሥራውን የምትሠራላትን ልጅ ያገኘችላት የእህቷ ልጅ ናት። ልጅቷ ሲራድ ትባላለች። ቢሮም አለቃም የላትም፤ እዚያው ሐርጌሳ ጂግጂጋ ያር ሰፈር እናቷ ቤት ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ በግሏ ለዚህ ፋርማሲ ለዚያ ልብስ ሰፊ ድረ ገጽ ትሠራለች። ኢባዶ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ስትቀመጥ፣ ልጅቷ ስለ ቀለምም ስለ ዋጋም አላነሳችም።

«ኤዶ፣ መጀመሪያ ታሪክሽን ንገሪኝ» አለቻት። ኤዶ የአባት እህት ናት፤ እዚያ አገር ትልቅ ሴት ሁሉ ኤዶ ናት።

ኢባዶ ነገረቻት። ድርቅ በሆነበት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ባሏ ጉሀድ ወተት ያላት አንዲት ወጣት ሴት ግመል እየሳበ መጥቶ «ይቺ ያንቺ ናት፤ የአራስ ቤት ስጦታሽ» እንዳላት። ስሟን ኡባህ እንዳለቻት፤ አበባ ማለት ነው። ዛሬ በሳላሕሌ መንገድ ላይ ያሉት አሥራ አራት ግመሎች በሙሉ የኡባህ ልጆችና የልጅ ልጆች እንደሆኑ። «ያለኝ ሁሉ ከእሷ ሆድ የወጣ ነው» አለች ኢባዶ። «አንድም የተገዛ፣ አንድም የተለመነ የለበትም። ወተቴን ሐላል ነው የምለው ለዚህ ነው። ለሆቴሉም ይህን ጻፊልኝ፤ ሌላ የምኮራበት የለኝም።»

«በቃ፣ ዓርማሽ ኡባህ ናት» አለች ሲራድ፤ ዓይኗ በራ።

በማግስቱ ወተት የምታመጣው መኪና ስትመለስ ሲራድ ካሜራዋን ይዛ ተሳፍራ ወደ ግመሎቹ ወረደች። ጉሀድ ያን ቀን ለቅሶ ሄዶ አልነበረም። አሮጊቷ ኡባህ በዚያ ሰሞን እከክ ወጥቶባት፣ መድኃኒት ሊቀቧት እረኞቹ አንገቷን ላጭተዋት ነበር። የከተማ ልጅ የሆነችው ሲራድ ግመሏ ባጉረመረመች ቁጥር እየዘለለች ስትሸሽ፣ ከሩቅም ከቅርብም ስትሸሽም ሥዕል ስታነሳ ዋለች።

በአሥረኛው ቀን «ነይና እዪ» ብላ ደወለችላት።

ኢባዶ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሄደች። ሲራድ ላፕቶፑን አዙራ «ቢስሚላህ በይና እዪው» አለቻት። ገጹ የእርጎ ቀለም ነው። ከላይ ግመሎች ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ ዝቅ ብሎ በትልልቁ «ኡባህ፤ ከአንድ እናት የመጣ ሐላል ወተት» ይላል።  ኢባዶ ማሻ አላህ ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ዓይኗ ከጽሑፉ በላይ ያለው ምልክት ላይ ያረፈው። አፉን ወደ ላይ የከፈተ ግማሽ ጨረቃ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓርማሽ ነዋ! ከኡባህ አንገት ላይ የገለበጥኩት።»

«የኛ እኮ ክብ ነው። ሙሉ ክብ። ግማሹን የት አደረግሽው?»

ሲራድ ሳቀች። «አልበላሁትም ኤዶ። ቆይ ላሳይሽ።» ሥዕሉን አወጣችና አጎላችው፤ እንደገና አጎላችው። የተላጨው የኡባህ አንገት መስኮት አክሎ ወጣ። «ይሄ የታችኛው ግማሽ ሰፊ ነው፤ ጠባሳው ከቆዳዋ ጋር አብሮ አድጎ ተለጥጧል። ትንሽ ሆና ነው የተተኮሰችው። ይሄ የላይኛው ደግሞ ቀጭን ነው፤ ቆይቶ የመጣ ነው። መጋጠሚያውን እዪው፣ አልገጠመም። የተኮሰው ሰው እጁ ተንቀጥቅጧል። አንድ እጅ የሠራው አይደለም ኤዶ፣ ሁለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ወሰድኩ። የቆየ ነገር ይበልጣል ብዬ። ደግሞ ጨረቃ ነው፤ አያምርም?»

ኢባዶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

የግመል ሰው ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የሚያነበው ነገር ይህ ነው። ልጅ ሆና ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጣ፣ ውሃ ሊጠጣ የሚመጣውን ግመል ሁሉ በአንገቱ ምልክት የማን እንደሆነ ስትናገር አባቷ ይስቅላት ነበር። ሙሉ ክብ የባሏ የጉሀድ ቤተሰብ ነው። አፉን ወደ ላይ የከፈተ ግማሽ ክብ የሐጂ ዲሪር ቤተሰብ ነው። በጋለ ብረት ግማሹን ክብ መሙላት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳት ሰው አያስፈልጋትም። ሃያ አራት ዓመት በፀጉር ተሸፍኖ የኖረውን፣ የከተማ ልጅ ለውበት ብላ ፈልቅቃ አወጣችው።

አሥራ አራት ግመል። ሃያ ዓመት። «ቅመሱት» እያለች ለሰው ልጅ ያጠጣችው ወተት ሁሉ።

«ኤዶ? ውሃ ላምጣልሽ? ፊትሽ...»

«ማን አይቶታል?»

«ገና ማንም... ማለቴ፣ ትናንት በራሴ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሥራዬን ካላሳየሁ ማን ይቀጥረኛል? ግን ተወዶልሻል ወላሂ! ከትናንት ጀምሮ ሰው እየተቀባበለው ነው።»

«አውርጂው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ልጄ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያንን የጎላውን ሥዕል በወረቀት አውጪልኝ። ሌላውን በሙሉ አውርጂው። አሁኑኑ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ይዛ ወተት ተራ ስትደርስ፣ መደቧ ፊት ለፊት አንድ ሰው በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ አገኘች። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ጥፍሮቹ ውስጥ ሲሚንቶ ደርቋል።

«ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቅሻል» አለች ሀሊሞ። «ወተት ላቅምስህ ብለው የኢባዶን ነው የምፈልገው አለኝ። ባል አገኘሽ መሰለኝ።»

ኢባዶ አልሳቀችም። ሰውየው ተነሳ።

«አንቺ ነሽ ኢባዶ?»

«እኔ ነኝ ወንድሜ።»

«ቡልሃን እባላለሁ። ግንበኛ ነኝ።» ስልኩን በሁለት እጁ እንደሚሰበር ዕቃ ይዞታል። «ትናንት ልጄ አንድ ነገር አሳየችኝ። ይህን ምልክት ከየት አመጣሽው?»

ወዲያው ገመተችው። የሐጂ ዲሪር ወገን ነው፤ ግመሎቹን ሊወስድ መጣ፤ እዚሁ ገበያ መሃል ሊጮህ ነው። ሀሊሞ ጆሮዋን አቁማለች። ኢባዶ ሰውየውን በእጇ ምልክት ወደ መደቧ ጀርባ ወሰደችው።

«የሐጂ ዲሪር ልጅ ነህ?»

«እረኛው ነበርኩ» አለ ቡልሃን። «በድርቁ ዓመት አንዲት ሴት ግመል ከእጄ ጠፋች። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ፈለግኋት። ሐጂ ዲሪር ሸጠሃታል አለኝ። ቁርኣን ይዤ ማልኩ። መሃላዬን ተቀበሉ፤ ግን በማግስቱ በትሬን ወሰዱብኝ። ከዚያ ወዲህ ግመል ጠብቅልኝ ያለኝ ሰው የለም። ያጩልኝ ልጅ ቤተሰብ ‹ለሌባ አንሰጥም› ብሎ ከለከለኝ። እናቴም የሌባ እናት እንደተባለች ሞተች። እኔም ከተማ ገባሁ።» እንደ ሌላ ሰው ታሪክ በዝግታ ነው የሚያወራው። «ትናንት ያቺን ጨረቃ ሳይ፣ ሥሯም ‹ከአንድ እናት› የሚለውን ልጄ ስታነብልኝ፣ ከደረጃ ላይ ልወድቅ ነበር። ሐጂ ዲሪር ሞቷል። ልጆቹ ኦድዌይኔ ናቸው፤ ወተት አይሸጡም። ታዲያ ይሄ የማን ነው አልኩ፤ ልጄ ስምሽን አነበበችልኝ።»

«ግመሏን ትፈልጋለህ?» አለች ኢባዶ። 

«ግመሏ የእኔ አልነበረችም።»

«ታዲያ?»

«እንዳታጠፊው። እሱን ልለምንሽ ነው የመጣሁት። እዚያው ይሁን፤ ሰው ይየው። ከየት እንዳገኛችኋት አንቺ ባትናገሪም፣ እኔ ሰዎቹን ጠርቼ ‹ይኸውላችሁ፣ አልሸጥኳትም› እላለሁ።» ይህን እያለ ስልኩን ነካ አድርጎ ሊያሳያት ዘረጋው። ገጹ አልከፈተም። እንደገና ነካው። ነጭ ብቻ። ቡልሃን ስልኩን ወደ ፀሐይ፣ ወደ ጥላ አዞረው። «አሁን... ቅድም እኮ ነበረ። የት ሄደ?»

 ሰውየው ቀና ብሎ ፊቷን አየ፤ ገባው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረገና «እሺ» አለ። «እሺ እህቴ። ሰላም ዋዪ።» እና በጀሪካኖቹ መሃል እየተሸሎከሎከ መሄድ ጀመረ።

ዝም ብትል ያበቃል። ገጹ ወርዷል። የኡባህ ፀጉር በሁለት ወር ይበቅላል። ሲራድ ሙሉ ክብ ትስልላታለች፤ ሆቴሉም በየቀኑ ይወስዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በልቧ አለፈ፤ በልቧ ማለፉም ራሱ አስደነገጣት። ሲምል ያልታመነ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ይሄዳል። ሃያ ዓመት ሳትምል የታመነችው ደግሞ እዚህ ቆማለች።

«ቡልሃን!» ብላ ጮኸች። ወተት ተራው ሁሉ ዞረ። «የት ነው የምትገነባው? ቦታውን ንገረኝ። እመጣለሁ።»

ጉሀድ ከመስጊድ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ኢባዶ ሰላምታም አልሰጠችው። ወረቀቱን ዘርግታ ፊቱ አኖረችው።

ጉሀድ መነጽሩን ፈለገ፤ አደረገ፤ አየ። «ምንድን ነው?» አላለም። «የማን ነው?» አላለም።

«ማን ላጫት?» አለ።

ኢባዶ እስከዚያች ቃል ድረስ የሆነ ተስፋ ይዛ እንደነበር የገባት ያኔ ነው። ምናልባት ገዝቷት ይሆናል፤ ምናልባት ተሰጥቶት ይሆናል፤ ምናልባት ያቺ ልጅ ተሳስታለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ጉድጓድ ላይ ብቻዋን አገኘኋት» አለ ጉሀድ ወረቀቱን እያየ። «ሦስት ቀን ጠበቅሁ፣ አልዋሽሽም። ሼኾቹ የሚሉትን አውቃለሁ፤ የጠፋ በግ ያዝ፣ የጠፋ ግመል ተው፤ እግሩም ውሃውም ከራሱ ጋር ነው። አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ አራስ ነሽ፤ ጡትሽ ደርቆ ልጁ ይጮኻል። በአራተኛው ቀን ብረቱን አጋልኩት።»

«ቡልሃን የሚባል እረኛ ነበር።»

ጉሀድ መነጽሩን አወለቀ። «መማሉን ሰማሁ። ሰው ከማለ ይተዉታል ብዬ ነበር።»

«ተዉት?»

ጉሀድ ወረቀቱን ገለበጠው።

«ጉሀድ፣ ሃያ አራት ዓመት አጠገቤ ሰግደሃል። ወደ አንድ ቂብላ ዞረን።» 

ጉሀድ «ነገ ሽማግሌ ይዤ የሐጂ ዲሪር ልጆች ጋ እሄዳለሁ» አለ። «ግመሎቹ ላይ የፈረዱትን ይፍረዱ። ያም ሰውዬ ይጠራና በጨዋ ደንብ በዝግታ ይቅርታ እንጠይቀዋለን።»

«በዝግታ አይሆንም። ስሙ ሲጠፋ በዝግታ አልጠፋም፤ በየጉድጓዱ ነው የተነገረው። አሁን ጉድጓዱ ስልክ ነው። ተነስ።»

«ሆቴሉስ? ኢባዶ፣ ስምሽስ?»

«የትኛው ስሜ?» አለችው።

ሲራድ ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ደነገጠች። የባልና ሚስት ጠብ ይዘው የመጡ መስሏት የምታስቀምጥበት ጠፋት። ኢባዶ የምትፈልገውን ስትነግራት ደግሞ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ኤዶ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ድረ ገጹ ላይ አይጽፍም! ሰው ድረ ገጽ የሚያሠራው... እኔ አንቺን ላሳምር ነው የተቀጠርኩት።»

«ታሪክሽን ንገሪኝ ብለሽኝ አልነበር? ይኸው፣ ታሪኩ ይሄ ነው። ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።»

ጉሀድ ማንበብና መጻፍ ስለማይወድ በድምፁ እንዲቀረጽ ተስማሙ። ሲራድ ስልኩን መጽሐፍ ላይ ደግፋ «በል አዴር» አለችው። አጎቴ ማለቷ ነው። ጉሀድ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። «በድርቁ ዓመት በስህተት አንዲት ግመል...»

«እንደገና» አለች ኢባዶ። «ስህተት አልነበረም።»

«በድርቁ ዓመት ችግር አስገድዶኝ...»

«እንደገና። ችግር ሁላችንም ላይ ነበር።»

ጉሀድ ላቡን ጠረገ። ሲራድ ጣራ ጣራ ታያለች፤ እንባዋ ወርዷል። ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ፤ አሁን ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ሚስቱ እያየ። «እኔ ጉሀድ ፋራህ ነኝ። የሐጂ ዲሪርን ግመል የወሰድኩት እኔ ነኝ። ምልክቷን የሸፈንኩት በገዛ እጄ ነው። እረኛው ቡልሃን አልሸጣትም። ቡልሃን ሲምል እውነቱን ነው የማለው፤ እኔም አውቅ ነበር።»

 ሲራድ የመቅረጫውን ምልክት ነካች። «ከላይ ምን ላስቀምጥ?» አለች በሹክሹክታ። «ዓርማው ቦታ።»

«ምንም። ሁለቱም የእኔ አይደሉም» አለች ኢባዶ።

ገጹ ሲከፈት ባዶ ቦታ አለው፤ ከሥሩ ተጭነው የሚሰሙት አንድ ድምፅ ብቻ። በዚያው ቀን ኢባዶ ወተት ተራ ሄዳ መደቧን ጠረገች፤ ጀሪካኖቿን አፋቸውን ደፋች። የሐጂ ዲሪር ልጆች እስኪፈርዱ ድረስ አትሸጥም። ሀሊሞ እንደ ልማዷ ልትቀልድ ጀምራ አየቻትና ተወችው፤ የራሷን ወተት በኩባያ ቀድታ ሰጠቻት።

ቡልሃን የሚገነባው ቤት ገና ወገቡ ጋ ነው የደረሰው። ኢባዶ ስትጠራው ከድንጋዩ ላይ ወርዶ፣ እጁን በበርሜሉ ውሃ ታጥቦ መጣ። ስልኩን ሰጠችው። ድምፁ ሲጀምር ጆሮው ላይ ለጠፈው። ጓደኞቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። ሲያልቅ «እንደገና» አላት፤ እሷ ነካችለት።

«ስሜን ጠርቶታል» አለ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ይሄን ማን ማን ይሰማዋል?»

«ስልክ ያለው ሁሉ።»

ቡልሃን ራሱን ነቀነቀ። የሚናገረውን ሃያ አራት ዓመት ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ፊቱ ላይ ታነበዋለች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ቃል የት እንደገባ የጠፋበት ይመስል ዙሪያውን ቃኘ። ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ስልኩ እያየ፣

«እናቴ ስልክ አልነበራትም» አለ።

ኢባዶ ፀሐዩ ላይ ቆማ ቀረች።  ስልኩን ሲመልስላትም አልተቀበለችውም።